«ዛሬ አልዋጋም» የሚል ጠላት፦ ለሽምቅ ውጊያ የትኛው ሲሙሌሽን ይሻላል?

በማሳያ ቀን ሁሉም የሲሙሌሽን (ውጊያን በኮምፒውተር የሚያስመስል) ሶፍትዌር ያምራል። ከተማው እውነተኛ ይመስላል፣ አቧራው ይቦናል፣ ታጣቂው ከጣሪያ ላይ ተኩሶ ይሮጣል። ሻጩ ሲጨርስ አንድ ነገር ጠይቁት፦ «ይህ ታጣቂ ኬላው ላይ ያለው ኃይል እንደሚበዛበት ካየ፣ መሣሪያውን ደብቆ ገበያ ውስጥ መግባት ይችላል? ከቻለስ የሚወስነው ማን ነው? እሱ ራሱ ወይስ ከጀርባ ተቀምጦ የሚያንቀሳቅሰው ሰው?»

አብዛኞቹ የጦር ሲሙሌሽኖች የተጸነሱት ታንክን ከታንክ ለማጋጠም ነው። በነሱ ዓለም ጠላት ማለት የተኩስ ክልሉ ውስጥ የገባውን ሁሉ እስኪወድቅ ድረስ የሚተኩስ ነው። የሽምቅ ተዋጊ ትልቁ ውሳኔ ግን አለመዋጋት ነው። ቀኑን ይመርጣል፣ ቦታውን ይመርጣል፣ ካልመቸው ይተወዋል። ስለዚህ እዚህ የምናመዛዝነው የምስልን ጥራት አይደለም። ጠላቱ ምን ምን መወሰን ይችላል? ያንን ውሳኔ ደግሞ የገዢው ባለሙያ ከፍቶ ማየትና መለወጥ ይችላል ወይ? ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሰው በሰው የሚታይባቸው፦ ቪቢኤስ 4 እና ቪአር-ፎርስስ

ቪቢኤስ 4 የቦሂሚያ ኢንተራክቲቭ ሲሙሌሽንስ ሥራ ነው። ኩባንያውን ቢኤኢ ሲስተምስ በ2022 ገዝቶታል። ሠልጣኙ በራሱ ዐይን እያየ ስለሚንቀሳቀስ ለጓድና ለመቶ ልምምድ የሚስተካከለው ጥቂት ነው። የጠላት ባህርይ የሚሠራው በ«ባህርይ ዛፍ» ነው፤ ቅርንጫፎቹ በቅደም ተከተል ይፈተሻሉ፣ ሁኔታው የተሟላለት የመጀመሪያው ይፈጸማል። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። «ከተተኮሰብህ መልስ» የሚለው ቅርንጫፍ «ቁጥራችሁ ካነሰ አፈግፍጉ» ከሚለው በፊት ከተቀመጠ ያ ሽምቅ ተዋጊ በሕይወቱ አይሸሽም። የቅርንጫፉ ተራ ነው የጠላቱ ጠባይ። ስለዚህ በማሳያው ላይ ዛፉን አስከፍቱና ሁለቱን ቅርንጫፎች ፊታችሁ ላይ አቀያይራችሁ አስኪዱት። ይህን ለማድረግ የኩባንያው መሐንዲስ ከመጣ፣ እናንተም ወደፊት በየጊዜው ልትጠሩት ነው ማለት ነው።

ቪአር-ፎርስስ የማክ ቴክኖሎጂስ (MAK) ኩባንያ ምርት ነው። የሚመረጠው ሌሎች ሲሙሌተሮች ላሏቸውና አንድ ላይ ማገናኘት ለሚፈልጉ ነው። ሲሙሌተሮች እርስ በርስ በሚነጋገሩባቸው ሁለት ደረጃዎች፣ በኤችኤልኤም (HLA) በዲአይኤስም (DIS) ይገናኛል፣ ግለሰብን ብቻ ሳይሆን ጥቅል ክፍልንም (እንደ አንድ አካል የሚንቀሳቀስ ሙሉ ክፍል) ያስኬዳል። አዲስ ተግባር ሉዋ በተባለ ቀላል የፕሮግራም ቋንቋ በስክሪፕት (አጭር ኮድ) ይጻፋል፣ ከዚያ ጠለቅ ያለ ነገር ሲመጣ ከበድ ባለው ቋንቋ በሲ++። ስክሪፕት የሚጽፍ አንድ ሰው ያለው ክፍል ጠላቱን በራሱ መቅረጽ ስለሚችል፣ ለሽምቅ ውጊያ ከሁለቱ ይህ ይቀለናል።

ግንኙነቱ ግን የራሱ ወጥመድ አለው። በዲአይኤስ እያንዳንዱ አካል ስለራሱ በሚልከው መልእክት ውስጥ የወገን ቁጥር አለ፦ 1 ወዳጅ፣ 2 ጠላት፣ 3 ገለልተኛ። ገበያ ውስጥ የተደበቀው ታጣቂ ቁጥሩ 2 ከሆነ የሠልጣኞቹ ካርታ ላይ ቀይ ሆኖ ይታያል። ድብቅነቱ አለቀ። መፍትሔው እስኪተኩስ ድረስ 3 ብሎ መላክ ነው፤ ያኔ ደግሞ ተቀባዩ ሲሙሌተር በመሃል የተለወጠውን ቁጥር በትክክል ማንበቡን መፈተሽ ያስፈልጋል። አለዚያ ታጣቂው እየተኮሰ፣ የወዳጅ ወገን አውቶማቲክ ክፍሎች «ሲቪል ነው» ብለው ቆመው ያያሉ።

ከመንግሥት የሚገኙት፦ ጄካትስ እና ዋንሳፍ

ሁለቱም የአሜሪካ መንግሥት ንብረት ናቸው፤ የሚገኙት በመንግሥታት ስምምነት ነው። ጄካትስን የሠራው ሎውረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ላቦራቶሪ ነው። ጠላቱን የሚያንቀሳቅሰው በዋናነት ኦፕሬተሩ ስለሆነ፣ ጥሩ ቀይ ቡድን (ጠላትን ሆነው የሚጫወቱ ሰዎች) ካላችሁ ከሁሉም ብልህ ጠላት የሚገኘው እዚህ ነው፦ ይማራል፣ ያታልላል፣ ትናንት የተበላበትን መንገድ ዛሬ አይደግምም። ዋጋውም እዚያው ላይ ነው። ለልምምዱ በሙሉ ወንበር ላይ የሚቀመጡ የሠለጠኑ ሰዎች ይፈልጋል፣ ያንኑ ውጊያ 100 ጊዜ ደግሞ ማነጻጸርም አይቻልም። ኦፕሬተሩ ሲደክመው ጠላትም ይደክመዋል። ዋንሳፍ የአሜሪካ ምድር ጦር ነው። ባህርይን ያለ ኮድ ከተዘጋጁ ቁርጥራጮች መገጣጠም ያስችላል፤ በአንጻሩ ለመትከልና ለመንከባከብ ከባድ ነው።

ለመምሪያ መኮንኖች፦ ማሳ ስዎርድ

የፈረንሳዩ ማሳ ስዎርድ ለሻለቃ፣ ለብርጌድና ለክፍለ ጦር አዛዦች ልምምድ ነው። ክፍሎቹ ትእዛዝ ሲሰጣቸው በተጻፈላቸው የውጊያ መመሪያ በራሳቸው ስለሚፈጽሙ በጥቂት ኦፕሬተር ትልቅ ልምምድ ይካሄዳል። ችግሩ የመጠን ነው። ጥቅል ክፍልን ለማስኬድ በተሠራ ሲሙሌሽን ውስጥ የ5 ሰው ሕዋስ (ትንሽ የሽምቅ ቡድን) በቀላሉ «ትንሽ መቶ» ሆኖ ይቀራል፤ እንደ መቶ ይሰለፋል፣ እንደ መቶም ይደመሰሳል። ሕዋሱ ትእዛዝ ሳይቀበል ለቀናት ጭጭ ብሎ መክረም ይችል እንደሆነ ጠይቁ።

በሺህ ጊዜ ለማስኬድ፦ ማና እና ኔትሎጎ

ማናን የሠራው የኒውዚላንድ የመከላከያ ቴክኖሎጂ ድርጅት ነው፤ በሞንተሬይ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ብዙ መመረቂያ ጽሑፍ ተሠርቶበታል። ምስሉ ነጠብጣብ ነው። የጠላት ጠባይ ከ−100 እስከ +100 በሚሰጥ ሚዛን ይገለጻል፦ ወደ ጠላቱ መቅረብ፣ ከጠላቱ መሸሽ፣ ወደ ወገኑ መጠጋት፣ መሸሸጊያ መፈለግ። አንድ ነገር ሲከሰት (ሲታይ፣ ሲተኮስበት) ሚዛኑ ወደ ሌላ ስብስብ ይቀየራል። «አልዋጋም» የሚለውን ጠላት እዚህ በጥቂት ደቂቃ ትሠሩታላችሁ።

አንድ ጥናት 7 ነገሮችን (የታጣቂ ቁጥር፣ የማየት ርቀት፣ የመሸሽ ሚዛን ወዘተ) እያንዳንዱን በ5 ደረጃ ቢፈትሽ 78,125 ጥምረት ይሆናል። የሚፈተሹት ጥምረቶች (ነጥቦች) በዘዴ ተበትነው በሚመረጡበት የላቲን ሃይፐርኪዩብ አቀማመጥ ግን ለ7 ነገር 17 ነጥብ ይበቃል፤ እያንዳንዱ 100 ጊዜ ቢሄድ 1,700 ሩጫ ብቻ ነው። ነጥቦቹ የእያንዳንዱን ነገር ክልል ከዳር እስከ ዳር ይሸፍናሉ። ከ17ቱ ነጥቦች አንዱን «ምቹ አይደለም» ብላችሁ በእጅ ብትቀይሩት ግን በነገሮቹ መካከል ያለው ሚዛን ይፈርሳል፣ የትኛው ውጤት ከየትኛው እንደመጣም መለየት ያቅታል።

ኔትሎጎ ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው፤ ዩሪ ዊለንስኪ በ1999 ያወጣው ነው። ከሶፍትዌሩ ጋር በሚመጣው የሞዴሎች ስብስብ ውስጥ ጆሹዋ ኤፕስቲን በ2002 ያሳተመው የሕዝብ አመፅ ሞዴል አለ። የእያንዳንዱ ሰው ብሶት፣ የደረሰበት ችግር የመንግሥት ቅቡልነት በጎደለው መጠን ሲባዛ የሚገኘው ነው። ከብሶቱ ላይ የመታሰር ስጋቱ ተቀንሶ ከ0.1 ከበለጠ ያምፃል። ስጋቱ የሚሰላው በዙሪያው ካሉት ፖሊሶችና ዐማፅያን ጥምርታ ነው፤ እዚህ ላይ ገዢ ሁሉ ሊያየው የሚገባ ነገር አለ። በኔትሎጎው ቅጂ ጥምርታው ወደ ታች ይጠጋጋል። 1 ፖሊስና 2 ዐማፂ (ራሱን ጨምሮ) ሲኖሩ፣ ያለ ማጠጋጋት የመታሰር ግምቱ 68 በመቶ ገደማ ነው፤ ሲጠጋጋ ዜሮ። አንዲት ቃል ናት፤ በርሷ ግን ፀጥታው ድንገት ፈንድቶ የሚበርድ አመፅ ይሆናል። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ይህን ማየት ተቻለ። በተዘጋ ሶፍትዌር ውስጥ እንዲህ ያሉ ስንት ማጠጋጋቶች እንዳሉ ለሻጩ የሚቀርብ ጥሩ ጥያቄ ነው።

ሕዝቡ ወዴት እንደሚያደላ፦ አቴና

የናሳ ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ለአሜሪካ ምድር ጦር የሠራው አቴና ተኩስን አያሳይም። የሚከታተለው በየሰፈሩ ያሉ ሲቪል ቡድኖችን ነው፤ እርካታቸውን በ4 ጉዳይ (ራስን ማስተዳደር፣ ደኅንነት፣ ባህል፣ የኑሮ ጥራት) ከ−100 እስከ +100 ይለካል፣ ለየታጣቂ ኃይሉ መረጃ የመስጠት ፈቃደኝነታቸውን ደግሞ ከ0 እስከ 100። ለሽምቅ ውጊያ ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ያለ ጠቋሚ ፈንጂው አይገኝም። የሚያደክመው ማስገቢያው ነው። 12 ሲቪል ቡድንና 5 ታጣቂ ኃይል ካለ 48 የእርካታና 60 የትብብር መነሻ ቁጥር ይጠበቅባችኋል፤ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ከሌለ ሁሉም ግምት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር በሥዕል ማብዛትም መጨረሻው ይታወቃል፦ በ2009 የአፍጋኒስታንን ጦርነት በቀስትና በክብ ያሳየውን ስላይድ ያዩት፣ በዚያ የአሜሪካና የኔቶ ጦር አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ማክሪስታል፣ ይህን የተረዳን ቀን ጦርነቱን አሸነፍን ብለው ቀልደዋል።

ከሁሉም በፊት ኤክሴል

በ1962 ሲሞር ዳይችማን የተባለ ተመራማሪ የላንቸስተርን ቀመር (የሁለት ወገኖች ኃይል በተኩስ እንዴት እንደሚቀንስ የሚያሰላውን) ለደፈጣ አስተካክሎታል። ሽምቅ ተዋጊው አልሞ ይተኩሳል፤ መደበኛው ጦር ግን ዒላማውን ስለማያይ አካባቢውን ይደበድባል። በዚህ ስሌት 100 ሽምቅ ተዋጊ እያንዳንዱ በሰዓት 0.1 የመምታት ብቃት ቢኖረው፣ የመደበኛው የአካባቢ ተኩስ ብቃት 0.0001 ቢሆን፣ እኩል ለመውጣት 447 ሰው ያስፈልጋል። መረጃ ተሻሽሎ ያ ብቃት 4 እጥፍ ቢያድግ 224 ይበቃል። ለመሥራት ግማሽ ቀን አይፈጅም። የምትገዙት ትልቅ ሲሙሌሽን በቀላል የደፈጣ ሁኔታ ከዚህ አቅጣጫ ተቃራኒ ውጤት ካሳየ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ መደበኛው ወገን ማየት የማይገባውን እያየ መሆኑ ነው።

ከመፈረም በፊት የሚደረግ ሙከራ

አንድ መንገድ፣ አንድ የ6 ሰው ሕዋስ፣ ሦስት ዓይነት ቅኝት፦ 10 ሰው፣ 40 ሰው፣ 40 ሰው ከሄሊኮፕተር ጋር። እያንዳንዱን በተለያየ የዕጣ መነሻ ቁጥር (የሩጫውን አጋጣሚዎች በሚለዋውጠው) 30 ጊዜ አስኪዱና ሕዋሱ ስንት ጊዜ እንደተኮሰ ቁጠሩ። በሦስቱም ተቀራራቢ ከሆነ ጠላቱ እየወሰነ አይደለም። 30 ሩጫ እስከ 18 ነጥብ ወደላይም ወደታችም የሚያወላውል መቶኛ ስለሚሰጥ፣ ልዩነቱ ጠባብ ከሆነ ወደ 100 ከፍ አድርጉት። ቀጥሎ የማፈግፈጊያውን መንገድ ዝጉ፤ ጥቃቱ መቀነስ አለበት። በመጨረሻ የውሳኔ መዝገቡን ጠይቁ፦ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ደንብ፣ ምን አይቶ። ይህን የማያወጣ ሶፍትዌር ለሥልጠና ሊሆን ይችላል፤ ለጥናት አይሆንም።

በጀቱ ጠባብ የሆነ የጥናት ክፍል በኤክሴልና በኔትሎጎ ቢጀምር ይሻለዋል፤ ማናንም ማግኘት ከቻለ ይጨምር። የመኮንኖች ኮሌጅ ስዎርድን ከሰው ቀይ ቡድን ጋር፣ የመቶ ማሠልጠኛ ቪቢኤስ 4ን፣ ሲሙሌተር የበዛበት ማዕከል ቪአር-ፎርስስን ቢይዙ ያዋጣቸዋል። የትኛውም ቢሆን በውሉ ላይ ከወንበር ፈቃድ (በተጠቃሚ ብዛት ከሚከፈለው) እና ከዓመታዊ ድጋፍ ጎን የካርታ ዝግጅትን፣ የሻጩን አገር የውጭ ሽያጭ ፈቃድ መጠበቂያ ጊዜንና የአንድ ባህርይ ጸሐፊ ደመወዝን ቁጠሩ። እናንተ የጻፋችኋቸው የባህርይ ፋይሎች የእናንተ መሆናቸውን፣ ፈቃዱ ሲያልቅም በሚነበብ መልክ ተገልብጠው መውጣት እንደሚችሉ በጽሑፍ አስሰፍሩ።