ለሂሳብ ጂአርኢ ያዘጋጁኝን መምህሬን ላመስግን፣ ለምትፈልጉም ልጠቁማችሁ

ሰላም ሰላም፣ ውጤቴ ትናንት ወጣ፣ ተመስገን ካሰብኩትም በላይ ነው፣ እና ደስታው ሳይበርድ ለሂሳብ ጂአርኢ (ውጭ አገር ለድህረ ምረቃ ለማመልከት የሚወሰድ ፈተና) ያስጠኑኝን መምህሬን ማመስገን አለብኝ። ስማቸው እንዲወጣ ስለማይፈልጉ እዚህ አልጽፈውም፣ የምትፈልጉ ግን ኢንቦክስ አድርጉልኝ አገናኛችኋለሁ።

ብዙ ሰው ይሄን ፈተና ጄኔራሉ ጂአርኢ ላይ ያለው ኳንት (የሂሳብ ክፍሉ) ይመስለዋል። አይደለም። ለብቻው የሂሳብ ሰብጀክት ቴስት (የአንድ ትምህርት ዘርፍ ፈተና) ነው፣ 66 ጥያቄ በ2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ፣ ለአንዱ ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ማለት ነው፣ ካልኩሌተር ደግሞ የለም። ግማሹ ካልኩለስና ከሱ ጋር የተያያዘ፣ ሩቡ አልጀብራ፣ የቀረው ሩብ ሪል አናሊሲስ፣ ቶፖሎጂ፣ ፕሮባቢሊቲ ምናምን።

እኔ ከተመረቅኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። ብቻዬን ስጀምር ቶፖሎጂ ስለሚያስፈራኝ ሁለት ወር ሙሉ እሱን ሳገላብጥ ከረምኩ፣ ከዛ የፈተናው አዘጋጅ ኢቲኤስ በነጻ የሚለቀውን የልምምድ ፈተና ሰዓት ይዤ ስሠራ 41ኛው ጥያቄ ላይ ሰዓቱ አለቀብኝ። የምሬን ነው አለቀስኩ።

ወረቀቱን ይዤ መምህሬ ጋ ስሄድ ስለ ቶፖሎጂ አንድ ቃል አልተናገሩም። "ልጄ፣ ካልኩለሱን እንዴት እንደሠራሽው አሳዪኝ" አሉኝ። አንድ የላይን ኢንተግራል (በመስመር ላይ የሚሰላ ኢንተግራል) ጥያቄ ነበር፣ ኤክስ ዲዋይ ሲቀነስ ዋይ ዲኤክስ፣ በሦስት ማዕዘን ዙሪያ ከሰዓት አቆጣጠር በተቃራኒ ሲዞር፣ እኔ ሦስቱንም ጎን ለየብቻ ፓራሜትራይዝ አድርጌ ገጽ ሙሉ ጽፌ ስምንት ደቂቃ ፈጅቶብኛል። እሳቸው ትንሽ አዩትና "በግሪን ቲዮረም ይሄ የሦስት ማዕዘኑ ስፋት እጥፍ ነው፣ ስፋቱ ስንት ነው?" አሉ። 6 አልኩ። "በቃ 12 ነዋ።" ቲዮረሙን እኮ አውቀዋለሁ፣ ፕሩፉንም ስንቴ ጽፌዋለሁ፣ ጥያቄ ውስጥ ተደብቆ ሲመጣ ግን አላየሁትም። የእኔ ችግር እሱ ነበር፣ ያወቁልኝም በመጀመሪያው ቀን ነው።

ከዛ ደብተር አስያዙኝ። የተሳሳትኩትን ጥያቄ መልስ አይደለም የምጽፍበት፣ ምን ባይ ኖሮ ቶሎ እሠራው ነበር የሚለውን ነው፣ በአንድ መስመር። የማትሪክስ አይገንቫልዩ ድምር ሲጠየቅ ትሬስ (የዲያጎናሉ ድምር)፣ ብዜታቸው ሲጠየቅ ዲተርሚናንት። ኦርደሩ (የአባላቱ ብዛት) 72 የሆነ አቤሊያን ግሩፕ ስንት ዓይነት አለ ሲባል፣ 72 ማለት 2 ሦስቴ 3 ሁለቴ ተባዝቶ ነው፣ ሦስቴውን ለመከፋፈል 3 መንገድ ሁለቴውን ለመከፋፈል 2 መንገድ፣ ሲባዛ 6። ለአናሊሲስ ደግሞ የምሳሌ ደብተር ለብቻው፣ ለምሳሌ ኤክስ ስኩዌር ሲባዛ በሳይን አንድ ለኤክስ፣ ዜሮ ላይ ዜሮ የሆነውን፣ ሁሉም ቦታ ዲፈረንሺየብል ሆኖ ዴሪቬቲቩ ግን ዜሮ ላይ ኮንቲንዩስ ያልሆነ። ይቺ አንዷ ፈንክሽን ስንት የውሸት ምርጫ እንዳስጣለችኝ!

ስሳሳት አንድ ቀን እንኳን ፊታቸው ተቀይሮ አያውቅም። ከሥራ ደክሞኝ ስመጣ ሦስት ጥያቄ ብቻ አሠርተውኝ "ሂጂ ተኚ" ያሉኝ ቀን አለ። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ እንደማይቀነስም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፣ እኔ ፈርቼ ባዶ ስተው ነው የኖርኩት። በፈተናው ቀን 61 ጥያቄ አስቤ ሠራሁ፣ አምስቱን ገምቼ ሞላሁ፣ ባዶ የተውኩት የለም። መምህሬ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ ውለታዎን አልረሳም።

ብዙ ተማሪ አይቀበሉም፣ ስለዚህ ፈተናው ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሳይሆን ቢያንስ ሦስት አራት ወር ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። ስትሄዱም ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፣ ሰዓት ይዛችሁ የሠራችሁትን አንድ ሙሉ ፈተና ስርዝ ድልዙ እንዳለ ውሰዱላቸው፣ የሚጀምሩት ከሱ ነው።