ዘጠኝ ወር ከኤ2000 ጋር፦ የጌም ካርድ ትቼ የወርክስቴሽን ካርድ ገዛሁ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ቢሮ አለችኝ። የመኖሪያ ቤትና የእንግዳ ማረፊያ ዲዛይን በስሪዲ እየሠራሁ ለደንበኛ አሳያለሁ። ስውል የምውለው ከፕላን መሳያው አውቶካድና ከስሪዲ መሥሪያው ብሌንደር ጋር ነው። ከዘጠኝ ወር በፊት ግራፊክስ ካርድ ልገዛ ስነሳ ሁለት ምርጫ ነበረኝ፤ አርቲኤክስ 3060 የሚባለው የጌም ካርድና አርቲኤክስ ኤ2000 የሚባለው የወርክስቴሽን ካርድ፣ ሁለቱም ባለ 12 ጊጋ ሜሞሪ። ኤ2000ን ወሰድኩ። ያኔ የገዛሁበትና ዛሬ የምወድበት ምክንያት ግን ለየቅል ነው።

ያኔ የሳበኝ «ለሥራ ፕሮግራሞች ተፈትኖ ማረጋገጫ ያገኘ ድራይቨር (ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር) አለው» መባሉ ነው። እውነት ነው፣ አለው። ለኔ ሥራ ግን ያመጣው ለውጥ አልታየኝም። አውቶካድ ላይ ፕላን ስትሠሩ የሚከብደው ነገር ፕሮሰሰሩ ላይ ነው የሚወድቀው። ብሌንደር ደግሞ ካርዱ የጌም ሆነ የሥራ ግድ የለውም። የሁለቱ ካርዶች ቺፕ ሠሪ ኤንቪዲያም ከእ.ኤ.አ. 2019 ጀምሮ ለጌም ካርዶች ስቱዲዮ የሚባል ድራይቨር ያወጣል፣ በሱ ብቻ ብዙ ሰው ሥራውን በሰላም ይሠራል። ሶሊድወርክስ በሚባለው ፕሮግራም የማሽን ዕቃ የምትነድፉ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ እናንተ የወርክስቴሽን ካርድ ያስፈልጋችኋል።

እኔን ያሳመነኝ ዋቱ ነው።

የሁለቱ ካርዶች ቺፕ አንድ ነው፣ ጂኤ106 ይባላል። 3060 ግን እስከ 170 ዋት ይበላል፣ ኤ2000 በ70 ዋት ይሠራል። ኮምፒውተሬ ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ዴል ነው፣ እንደ ብዙዎቻችን። ፓወር ሳፕላዩ 260 ዋት ብቻ ነው፣ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ገመድም የለውም። ለ3060 ኤንቪዲያ የሚመክረው 550 ዋት ነው፤ ስለዚህ ካርዱን ብቻ ገዝቼ አላበቃም ነበር። ኤ2000 የሚፈልገውን ኃይል ከማዘርቦርዱ ከራሱ ነው የሚወስደው። ሰካሁት፣ ተነሳ፣ በቃ።

ከዚያ ክረምት መጣና መብራት ሄድ መለስ ማለት ጀመረ። ዩፒኤሴ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን በባትሪ የምታቆየው) አቅሟ 650 ቪኤ ነው። ሬንደር እያደረግኩ (ስሪዲውን ወደ ምስል እየቀየርኩ) መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ከነሞኒተሩ ትሸከመዋለች፣ ፋይሌን ሴቭ አድርጌ በሥርዓት ለመዝጋት ጊዜ አለኝ። 3060 ያለው ወዳጄ ግን በእንደዚሁ ዓይነት ዩፒኤስ ሲሞክረው፣ ካርዱ ሙሉ ኃይሉን እየሠራ መብራቱ እንደሄደ ዩፒኤሷ ጮኻ ወዲያው ጠፋች። የማታ ሥራው በሙሉ ከሷ ጋር ሄደ። በነገራችን ላይ አኒሜሽን ስትሠሩ በቀጥታ ወደ ቪዲዮ አታውጡት። ፍሬም በፍሬም በፒኤንጂ ምስል አውጡትና ኋላ አገጣጥሙት፤ መብራት ቢሄድም የምታጡት አንድ ፍሬም ብቻ ነው።

ፍጥነት ላይ 3060 ይበልጣል፣ ይህን መደበቅ አልፈልግም። እኔን 10 ደቂቃ የሚፈጅብኝን ምስል ወዳጄ 8 ደቂቃ አካባቢ ይጨርሰዋል።

ሜሞሪውን በደንብ ተጠንቀቁ። ኤ2000 ባለ 6 ጊጋም አለ፣ ከውጭ ሲታይ ደግሞ ሁለቱ አይለዩም። ለኔም መጀመሪያ የተላከልኝ ባለ 6 ጊጋው ነበር፤ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን የካርድ ዝርዝር ማሳያ ፕሮግራም ከፍቼ ሳይ ነው ያወቅኩት፣ ለመቀየር ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። የኛ ከተማ ደንበኛ ጣሪያው ላይ እንደ እንቁላል ግንብ ጉልላት ይፈልጋል፣ ግድግዳው በጥርብ ድንጋይ፣ ግቢው በሣርና በዛፍ እንዲሞላለት ይፈልጋል፤ ይህ ሁሉ ተጭኖ 6 ጊጋ አይበቃም። 3060ም ባለ 8 ጊጋ አለው፣ እሱ በሜሞሪ ብቻ ሳይሆን በፍጥነትም ያነሰ ነው። ስትገዙ ቁጥሩን ጠይቁ።

ያስቸገረኝ ነገር መሰኪያው ነው። ኤ2000 ኤችዲኤምአይ የለውም፣ ያሉት አራት ሚኒ ዲስፕሌይፖርት ናቸው። ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይረውን ማገናኛ ጎንደር ፈልጌ አጣሁት፣ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ካርዱ አራት ቀን ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ማራገቢያውም ትንሽ ስለሆነች ሬንደር ሲበዛ ፉጨቷ ይሰማል። በበጋ አቧራው ስለሚያስቸግር በየወሩ እከፍተዋለሁ። ጌምም ይሠራል፣ ታናሽ ወንድሜ እሑድ እሑድ እየመጣ ፊፋ ይጫወትበታል።

ዋጋው ከ3060 ይወደዳል። ሲወጡም እንዲያው ነበር፤ 3060 በ329 ዶላር፣ ባለ 6 ጊጋው ኤ2000 ራሱ በ449። ኮምፒውተር ከዜሮ የሚያስገጣጥም፣ ጥሩ ፓወር ሳፕላይና ትልቅ ዩፒኤስ የሚገዛ ሰው ቢጠይቀኝ 3060 ውሰድ እለዋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ የአዘዞ ልጅ እንደኔው ያገለገለ ዴል ይዞ መጣ። ክዳኑን ከፍተን ፓወር ሳፕላዩን አየን፣ 260 ዋት ነው። ኤ2000 ባለ 12 ጊጋ ከነማገናኛው አዘዘ።