የመኪናዬን ጣሪያ ከማፍሰስ ለገላገሉኝ ጋሼ

ይህን ምስጋና ልጽፍ ካሰብኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ያዘገየኝ ስንፍና አይደለም፤ ዝናብ እየጠበቅሁ ነበር። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ «አሁንስ ተሠራ» ብዬ አፌን ሞልቼ ተናግሬ ሁለቱንም ጊዜ ዝናቡ አሳፍሮኛል። በዚህኛው ዙር ሰማዩ ሳይመሰክርልኝ ትንፍሽ አልልም ብዬ ዝም አልኩ። ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው አደረ። ጠዋት ተነስቼ የጣሪያውን ጨርቅ፣ ወንበሩን፣ የቀበቶውን ሥር፣ እግር የሚያርፍበትን ምንጣፍ በመዳፌ እየዳበስኩ ዞርኩ። ደረቅ ነው። አሁን መናገር እችላለሁ።

መኪናዬ ጣሪያቸው መስታወት ከሆኑት አንዷ ናት። የፊተኛው ሰንሩፍ ይከፈታል፣ የኋለኛው ግን ተለጥፎ የሚቀር ነው። አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ቆማ ሳለች የኋለኛው ብቻውን ጧ ብሎ ረገፈ። ድንጋይ የለ፣ ኳስ የለ፣ አጠገቧ ሰው የለ። ቴምፐርድ የሚባለው መስታወት ስለሆነ ስንጥቅ ብሎ አይቀርም፤ እንዳለ እንደ በረዶ ጠጠር ይበተናል። ወንበሩ፣ የወንበሩ ስፌት፣ ያልገባበት ቀዳዳ አልነበረም። ከወራት በኋላም ከቦርሳዬ ጥግ አንድ ሁለት ፍሬ እለቅም ነበር።

ቶሎ ይሠራልኝ ብዬ የሄድኩበት ሰው (ስሙን አላነሳም) በሁለት ሰዓት ጨርሶ ቁልፉን ሰጠኝ። ፍጥነቱ ደስ ብሎኝ እንደነበር አልደብቅም። መጀመሪያ የመጣው ዝናብ ከመብራቱ ጎን ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ተመልሼ ሄድኩ፤ ዙሪያውን ሲሊኮን ጨመረበት። ሁለተኛው ዝናብ መጣ፤ ያው ነው። ሦስተኛ ስሄድ የሚከፈተውን የፊተኛውን መስታወት ጭምር ጠርዙን በሲሊኮን ዘጋውና «ከእንግዲህ ባትከፍቺው ነው የሚሻለው» አለኝ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው። ሰንሩፍ የነበረው መኪና ሰንሩፍ አጥቶ፣ ፍሳሹ ግን እንዳለ። ጠዋት ጠዋት መስታወቶቹ ሁሉ ከውስጥ ጉም ለብሰው ነው የማገኛቸው፤ በቀኝ በኩል ያለውን ምንጣፍ ሲረግጡት ውሃ ያዘለ ስፖንጅ ነው፤ ሽታው ደግሞ ያልደረቀ ካልሲ።

ጋሼን የጠቆመችኝ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት። «ቀርፋፋ ናቸው፣ ቁጡ ናቸው፣ ግን ሂጂ» አለችኝ። ሦስቱም እውነት ሆኖ አገኘሁት።

የገረመኝ አንድም መፍቻ ሳያነሱ ጥያቄ መደርደራቸው ነው።

«የሚያፈሰው ቆማ ነው ስትሄድ?»

«ሁለቱም፣ ጋሼ።»

«ፍሬን ስትይዢስ?»

«ያኔማ ከላይ ይወርዳል።»

«አፍንጫዋን ቁልቁል አድርገሽ ስታቆሚያት የትኛው ጋ ይረጥባል? ሽቅብ ስትሆንስ?»

ይህን በሕይወቴ አስቤው አላውቅም። ትንሽ ቆይቼ ሳስታውስ፣ ቁልቁል ስትቆም የፊት ቀኝ እግር ማሳረፊያው፣ ሽቅብ ስትቆም ደግሞ የኋላ ግራ ቀበቶው ነው የሚበሰብሰው። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁና ረዳታቸውን ጠሩ። ልጁ ካርቶን አንጥፎ መኪናዋ ሥር ተጋደመ። እሳቸው በጠባቧ የውሃ ጠርሙስ፣ ሲሊኮኑን ቆርጠው በከፈቱት ሰንሩፍ ጠርዝ ላይ ካለው ቦይ ቀስ እያሉ ማንቆርቆር ጀመሩ። «ግራ ፊት?» «መጣ!» «ቀኝ ፊት?» ዝምታ። «ቀኝ ፊት!» «ምንም የለም ጋሼ!» ወደ ኋላ ዞሩ። የቀኙ ወረደ። የግራው ቦዩ ላይ ሳይቆም ጠለቀ፣ ሥር ግን ጠብ አላለም። ልጁ ከሥር «የለም» ሲል እኔ ከውስጥ የቀበቶው ማስገቢያ ላይ ውሃ ሲመጣ አየሁ።

ያኔ ነው ያስረዱኝ፤ እንዲህ ብሎ ያስረዳኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። በሰንሩፍ ዙሪያ ያለው ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያው) ውሃን ድርቅ አድርጎ እንዲከለክል አልተሠራም። አብዛኛውን ይመልሳል፣ ጥቂቱ ማለፉ አይቀርም። ያለፈው ከሥሩ ባለው ቦይ ይጠራቀማል፤ ከቦዩ ማዕዘኖች አራት ቀጫጭን ቱቦዎች ይነሳሉ። የፊቶቹ ሁለቱ ከፊት መስታወት ግራና ቀኝ ባለው ምሰሶ ውስጥ፣ የኋላዎቹ በኋላ ምሰሶ ውስጥ ወርደው ውሃውን መኪናዋ ሥር ይጥሉታል። «ልጄ፣ ይሄ ጣሪያ ውሃ እንዳያስገባ አይደለም የተሠራው፤ የገባውን እንዲያስወጣ ነው» አሉኝ። እኛ ደግሞ ስንት ጊዜ መግቢያውን ስንደፍን መውጫውን ረስተነው።

ወደ ቀኝ ፊት ቱቦ ረጅም የናይሎን ክር፣ ያ ሣር ማጨጃ ማሽን ላይ የሚታሰረውን ዓይነት፣ ጫፉን በእሳት አድቦልቡለው አስገቡ። ገፋ፣ መለስ፣ ገፋ፣ መለስ። ከሥር ነጭ ወረቀት ይዘን ጠበቅን። መጀመሪያ ጥቁር ጭቃ ወጣ፣ ቀጥሎ የበሰበሰ ቅጠል፣ ቀጥሎ ደግሞ እያብረቀረቁ አራት አምስት የመስታወት ፍሬዎች ጠብ ጠብ አሉ። የዚያን ቀን የረገፈው መስታወት ነው። ያ የሁለት ሰዓት ሥራ ወንበሩን ጠርጓል፣ ቦዩን ግን አላየውም። ፍሬዎቹ ከውሃው ጋር ተንከባለው ቱቦ አፍ ላይ ተቀምጠዋል። ያንን ወረቀት አጥፌ አስቀምጬዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

የኋላ ግራው ቱቦ ደግሞ አልተደፈነም፣ ከነአካቴው ወልቋል። የጣሪያውን ጨርቅ ጥግ ገለጥ አድርገው ሲያሳዩኝ አፉ ከተሰካበት ተነቅሎ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። «ሰው ኮምፕሬሰር ነፍቶበታል» አሉ። የተደፈነ ቱቦ በኃይለኛ አየር ሲነፋ ቆሻሻው እንቢ ካለ ቱቦው ራሱ ከመጋጠሚያው ተስፈንጥሮ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ውሃው በሙሉ ቀጥታ ወደ ውስጥ ነው። መልሰው ሰክተው በማሰሪያ አጠበቁት።

እዚህ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ እኔ እያመሰገንኩ እሄድ ነበር። እሳቸው ግን የኋለኛውን መስታወት በአውራ ጣታቸው ጫን አሉና ፊታቸው ተለወጠ። ይንቀሳቀሳል። መኪናው በፍጥነት ሲሄድ ነፋስ ጣሪያን ወደ ላይ ነው የሚስበው፤ በሲሊኮን ብቻ የተያዘ መስታወት አንድ ቀን መንገድ ላይ ተነቅሎ ከኋላ የሚመጣ ሰው ላይ ሊያርፍ ይችላል። እውነቱን ለመናገር ከውሃው በላይ ያስደነገጠኝ ይኸ ነው። እንዲህ ዓይነት መስታወት የሚለጠፈው እንደ ፊት መስታወት ሁሉ ዩሬቴን በሚባለው ጥቁር ማጣበቂያ ነው እንጂ ለመታጠቢያ ቤት በሚሸጥ ሲሊኮን አይደለም። ያ ሲደርቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን የሚያወጣው አሲድ ደግሞ ላሜራ ያዝጋል። በርግጥም በአንዱ ጠርዝ ዝገቱ ጀምሮ ነበር።

በሽቦ ቆርጠው ሲያነሱት መስታወቱ ተርፏል፣ ግን ጠርዙ ላይ የጥፍር ቁራጭ የምታክል ጉዳት ነበረችበት። እኔ «ችግር የለውም፣ ይሄንኑ መልሱት» አልኩ። አልመልስም አሉ። የቴምፐርድ መስታወት ድክመቱ ጠርዙ ነው፤ እዚያ የተጫረ ከሆነ ከወራት በኋላ ሙቀት ሲያገኘው ብቻውን ሊፈነዳ ይችላል። «አንዴ አይተሽዋል፣ ሁለተኛ ልታዪ ነው?» ብለው ተቆጡኝ። አዲስ መስታወት በሻንሲ ቁጥሯ ታዝዞ እስኪመጣ ቀዳዳውን በላስቲክ ሸፍነው፣ የእኔን መኪና ከመጠለያቸው ሥር አስገብተው የራሳቸውን ውጭ አሳደሩ።

ከሁሉ ረጅሙ ሥራ ሲሊኮኑን መላጥ ነው፤ ግማሽ ቀን ፈጀ። ሲሊኮን በነበረበት ቦታ ላይ ሌላ ነገር አይዝም፣ ስስ ቅባቱ እንኳ ከቀረ አዲሱ ማጣበቂያ ይላቀቃል። የተነካካውን ሁሉ እየላጡ፣ ከፋብሪካ የመጣውን አሮጌ ዩሬቴን 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ያህል ስስ አድርገው ተዉት፤ አዲሱ ከሁሉ በላይ አጥብቆ የሚይዘው ከሱ ጋር ነው። ዝገቱን ፍቀው፣ ቢላዋው ቀለም የጫረበትን ሁሉ አንድ በአንድ ፕራይመር የሚባለውን መነሻ ቅብ ቀቡ። ከዚያ ዩሬቴኑን አፉ በሦስት ማዕዘን በተቆረጠ ቱቦ፣ እጃቸው አንዴም ሳይቆም፣ ዙሪያውን አንድ ወጥ መስመር አድርገው አወረዱት። ልጁና እሳቸው አዲሱን መስታወት በጎማ መምጠጫ ይዘው «አንድ፣ ሁለት» ብለው አሳረፉት። እጅዎን ቁርጥማት አይንካው ያልኩት ያን ጊዜ ነው፤ አልሰሙኝም፣ በትንፋሻቸው ነበር የሚሠሩት።

ልወስዳት ስል ከለከሉኝ። ዩሬቴን የሚደርቀው ከአየር ላይ እርጥበት እየወሰደ ስለሆነ ቀኑ ሲቀዘቅዝ ወይም አየሩ ሲደርቅ ይዘገያል፤ በማጣበቂያው ላይ የተጻፈውን ሰዓት አሳይተውኝ ከዚያም አልፈው እስከ ማግስቱ አቆዩት። በነጋታው ስወስዳት የሰጡኝ ትእዛዝ አንድ መስኮት ጣት የሚያህል ከፍተሽ ንጂ የሚል ነው። በር ሲወረወር ውስጥ የሚታመቀው አየር ገና ያልጠነከረውን መስታወት ከሥር ይገፋዋላ።

የፊተኛውን በተመለከተ ባጭሩ፦ በሲሊኮኑ የተበላሸውን ጎሚኒ ቀየሩት፣ ሐዲዱን ጠርገው ግራሶ ቀቡት። ከፍታውን ደግሞ ብሎኖቹን እያላሉ አስተካከሉ፤ የፊት ጠርዙ ከጣሪያው እኩል ወይም በፀጉር ያህል ዝቅ፣ የኋላ ጠርዙ እኩል ወይም በፀጉር ያህል ከፍ። ተቃራኒው ሲሆን ነፋስ ያፏጫል። ወረቀት በጎሚኒው መሀል አድርገው ዘግተው እየሳቡ ዙሪያውን ፈተሹ፤ በቀላሉ የሚወጣበት ቦታ ካለ እንደገና ብሎን። በመጨረሻ የሰንሩፉን መክፈቻ ቁልፍ ተጭነው ይዘው መስታወቱ ራሱ ከፍቶ እስኪዘጋ ጠበቁ፣ ሞተሩ መነሻና መድረሻውን እንዲያውቅ። ከወራት በኋላ ሰማይ በራሴ ጣሪያ አየሁ።

ጉድለታቸውን ልናገር፣ አለዚያ ማስታወቂያ ይመስላል። ሲሠሩ ስልክ አያነሱም፣ አምስቴ ብትደውሉም አያነሱም። አንድ ቀን ያሉት ሦስት ቀን ሆኗል፣ መስታወቱ እስኪመጣ የተጠበቀው ሳይቆጠር። «ለምን?» ተብሎ ሲጠየቅ ደስ ይላቸዋል፣ «መቼ?» ሲባሉ ግን ይኮሳተራሉ። ሒሳቡ መጀመሪያ የነገሩኝ ነው፣ አልጨመሩም። ምንጣፉን አንስተው ከሥሩ ያለው ስፖንጅ እስኪደርቅ የቆየባቸውን ጊዜ ሒሳብ ውስጥ አላስገቡትም። ከወንበሩ ሥር የሚያልፉትን የሽቦ መጋጠሚያዎች አንድ በአንድ ፈትተው አረንጓዴ ዝገት መኖር አለመኖሩን አይተውልኛል፤ ይህንንም እኔ አልጠየቅሁም።

ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም፤ ስጠይቃቸው «ሰው ሁሉ ባንድ ቀን እንዳይመጣብኝ» አሉኝ። ጣሪያው የሚያፈስበት ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ እኔ አገናኛለሁ። ከመምጣታችሁ በፊት ግን ቁልቁል ስትቆም የት፣ ሽቅብ ስትቆም የት እንደሚረጥብ አይታችሁ ኑ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው። ሲሊኮን የቀባችሁም ካላችሁ ቀድማችሁ ተናዘዙ።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን ካነበበልዎ፣ የሰጡኝ የናይሎን ክር ዳሽቦርዱ ሳጥን ውስጥ ነው። ዛሬ ጠዋት ጠርሙስ ይዤ አራቱንም ቱቦ ሞከርኳቸው። ከሥር የሚያይልኝ ሰው ስላልነበረ ራሴው እያፈሰስኩ እየተጋደምኩ ነው። አራቱም ይወርዳሉ፣ የኋላ ቀኙ ትንሽ ዘግየት ይላል። ቅዳሜ ላምጣት?