ቦቶክስ፣ ሙቀት ያለው መርፌና አልትራሳውንድ በኛ ቆዳ ላይ፦ ሶስቱንም ሞክሬ ያየሁት

ሰላም ለሁላችሁ። ፊቴን አይታችሁ "ምን አርገሽ ነው" እያላችሁ ለምትጠይቁኝ አንድ በአንድ ከምመልስ እዚህ በዝርዝር ልጻፈው ብዬ ነው። እድሜዬ 51 ነው፣ አሜሪካ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ 9 ዓመት ኡበር ነድቻለሁ አሁንም እየነዳሁ ነው፣ እና ባለፉት 3 ዓመታት ያለ ኦፕራሲዮን ፊት ያጠብቃሉ ሽብሽብ ያጠፋሉ ከሚባሉት ነገሮች ሶስቱን በራሴ ገንዘብ በራሴ ፊት ላይ ሞክሬያለሁ። አንዱን በጣም ወድጄዋለሁ፣ አንዱ ፊቴን አበላሸው፣ አንዱ ደግሞ ደህና ነው ግን የከፈልኩትን ሳስብ ልቤ ለሁለት ይከፈላል። ዓመተ ምህረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። መሸብሸብና መላላት አንድ አይደሉም። እኔ ራሴ ለረጅም ጊዜ አንድ ነገር ይመስሉኝ ነበር፣ አብዛኛው ሰውም ቦቶክስ ሲባል ፊትን የሚወጥር ነገር ነው የሚመስለው። ቦቶክስ ቆዳ አያጠብቅም። የሚሰራው ጡንቻ ላይ ነው፣ ነርቩ ለጡንቻው "ተኮማተር" ብሎ የሚልከውን መልእክት ያግዳል፣ ጡንቻው ሲያርፍ ከላዩ ያለው ቆዳ መታጠፉን ያቆማል። ስለዚህ ስንኮሳተር፣ ስንስቅ፣ ቅንድብ ስናነሳ ለሚመጣው መስመር ነው የሚሆነው። የአገጭ ስር መላላት፣ የመንጋጋ መስመር መጥፋት፣ የአንገት ቆዳ መውረድ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱ ቆዳን አጥብቆ ከሚይዘው ፕሮቲን፣ ከኮላጅን ነው፣ ከስብ ነው፣ ከአጥንትም ጭምር ነው። ከሃያዎቹ እድሜ በኋላ ኮላጅን በየዓመቱ ወደ 1 በመቶ ይቀንሳል ይባላል፣ ሴት ደግሞ የወር አበባዋ ከቆመ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ 5 ዓመታት እስከ 30 በመቶ ልታጣ ትችላለች። እኔ እዛው መሀል ላይ ነኝ።

ቦቶክሱን የጀመርኩት በ2023 ነው። ምክንያቱ ውበት ብቻ አይደለም፣ በቅንድቤ መሀል ሁለት ጥልቅ መስመር ነበረኝ፣ ማታ ማታ ስነዳ የመኪና መብራት ስለሚያስጨንቀኝ ዓይኔን እያጠበብኩ ዓመታት ስለነዳሁ ይሁን ምን አላውቅም፣ ተሳፋሪ ገብቶ በመስታወት ያየኝና "ደህና ነሽ? ተናደሻል እንዴ?" ይለኛል። ልጄም "ማሚ ምን ሆነሻል" ትለኛለች ምንም ሳልሆን። ደህና ሆኖ ሳለ የተቆጣ ፊት ይዞ መዋል እንዴት እንደሚያደክም ያየው ያውቀዋል። የሄድኩት ሜሪላንድ ውስጥ ወዳሉ አንዲት የቆዳ ሐኪም ነው፣ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው፣ በእድሜ ከኔ ይበልጣሉ፣ በጣም ረጋ ያሉ። ገና ስገባ "መርዝ ነው ይላሉ እውነት ነው ወይ" ብዬ ጠየቅኳቸው። አልሳቁብኝም። አዎ፣ ከባክቴሪያ የሚገኝ መርዝ ነው፣ ግን መጠኑ እጅግ ትንሽ ነው ብለው ታሪኩን ነገሩኝ፣ መጀመሪያ ለዓይን ሕክምና ነበር፣ በ1989 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ለተንሸዋረረ ዓይንና ሳያቋርጥ ለሚጨፈን የዓይን ቆብ ነው፣ ከዛ ቫንኩቨር ካናዳ ያሉ ባልና ሚስት፣ እሷ የዓይን ሐኪም እሱ የቆዳ ሐኪም፣ ለዓይን የተወጉት ሰዎች የቅንድብ መሀል መስመራቸው ሲጠፋ አይተው በ1992 ጻፉት። ኤፍዲኤ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ማለት ነው፣ ለቅንድብ መሀል መስመር የፈቀደው በ2002 ነው፣ ለዓይን ዳር በ2013፣ ለግንባር በ2017። ይሄን ስሰማ ፍርሃቴ ቀነሰ፣ ትናንት የመጣ ነገር እንዳልሆነ ገባኝ።

5 ቦታ ወጉኝ፣ በድምሩ 20 ዩኒት (የመድኃኒቱ መለኪያ ነው)፣ ዩኒቱ 14 ዶላር፣ 280 ዶላር ከፈልኩ። ህመሙ የትንኝ ንክሻ ነው፣ 10 ደቂቃም አልፈጀም። ለ4 ሰዓት እንዳልተኛና ቦታውን እንዳላሸው ነገሩኝ፣ ወደ መኪናዬ ተመለስኩ፣ ስራ ቀጠልኩ። በ4ኛው ቀን መለስለስ ጀመረ፣ በ2 ሳምንት ሙሉ በሙሉ ያዘ። ፊቴ አልደረቀም፣ እስቃለሁ፣ ቅንድቤን አነሳለሁ፣ ያ ኩስትርትር ያለው ነገር ብቻ ሄደ። እናቴ አዲስ አበባ በቪዲዮ ስታየኝ ምንም ሳልነግራት "ልጄ አሁን ደህና እንቅልፍ ማግኘት ጀመርሽ መሰለኝ፣ ፊትሽ አረፈ" አለችኝ። ይሄ ለኔ ከማንኛውም ኮከብ ይበልጣል። ጉድለቱ አይቆይም፣ ከ3 እስከ 4 ወር ነው፣ እንደገና መክፈል ነው። እርጉዝ ከሆናችሁ፣ ካጠባችሁ፣ ወይም የጡንቻና የነርቭ በሽታ ካለባችሁ አይሆንም፣ ለሐኪሙ ቀድማችሁ ንገሩ። አንዳንድ ሰው ላይ የዓይን ቆብ ለጥቂት ሳምንት ሊወርድ ይችላል፣ የሚወጋው እጅ ሲያውቅበት ግን ብርቅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሰው ቤት ውስጥ ሄዳችሁ አትወጉ። በኛ ሰው መሀል ከውጭ ብልቃጥ ይዛ መጥታ ሳሎን ውስጥ በግማሽ ዋጋ የምትወጋ አለች ሲባል ሰምቻለሁ፣ እኔንም ጋብዘውኛል። በ2024 አፕሪል ላይ እዚሁ አሜሪካ ሀሰተኛ ቦቶክስና ባልሰለጠነ ሰው ወይም ከሕክምና ቤት ውጭ የተሰጠ መርፌ በ11 ስቴት 22 ሰው አሳምሞ፣ ግማሹ ሆስፒታል ገብቷል። ዓይን ብዥ ማለት፣ መዋጥ ማቃት፣ መተንፈስ ማስቸገር። ይሄ ለ100 ዶላር ቅናሽ የሚገባበት ነገር አይደለም።

አሁን ወደሚያቃጥለኝ ልምጣ።

ግንባሬ ሲስተካከል ትኩረቴ ወደ ታች ወረደ፣ ወደ መንጋጋዬ። በተለይ ግራው። ሐኪሟ ቀድመው ነግረውኝ ነበር፣ ሹፌር ስለሆንሽ ነው ብለው፣ የጎን መስኮት አንዱን ዓይነት የጸሐይ ጨረር ያሳልፋል፣ ዩቪኤ የሚባለውን፣ 9 ዓመት ሙሉ ግራ ጉንጬን ሲመታው ኖሯል። ለማጥበቂያው እሳቸው ጋ መጠበቅ አልፈለግኩም፣ ቀጠሮው ሩቅ ነበር፣ እና በ2024 ሜይ ላይ ሌላ ቦታ፣ ቅናሽ ያወጣ ሜድስፓ (እንዲህ ያለ የውበት ሕክምና የሚሰጥ ስፓ) ሄድኩ፣ 3 ጊዜ በ900 ዶላር። አርኤፍ ማይክሮኒድሊንግ ነው፣ ቀጫጭን መርፌዎች ቆዳ ውስጥ ይገቡና ጫፋቸው ላይ በሬዲዮ ሞገድ ሙቀት ይለቃሉ፣ ቆዳው የተጎዳ መስሎት አዲስ ኮላጅን ይሰራል፣ ሀሳቡ ይሄ ነው፣ ሀሳቡም መጥፎ አይደለም።

ማደንዘዣ ቅባት ቀቡኝ፣ 40 ደቂቃ ተቀመጥኩ፣ ከዛ ልጅቷ መጥታ ጀመረች። ማዲያት ኖሮሽ ያውቃል ወይ አላለችኝም (ከሁለተኛዋ ልጄ እርግዝና ጀምሮ ነበረኝ)። ቁስል ሲድን ጥቁር ይተውብሻል ወይ አላለችም። ትንሽ ቦታ ላይ ልሞክርና ቆይተን እንይ የሚል ነገርም የለም። ስታቃጥለኝ "ኖርማል ነው" አለች፣ እኔም አመንኩ፣ ውጭ አገር ስትኖር ነጭ ጋውን የለበሰን ሰው መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቆጠራል ብለን ነው ያደግነው። በ4ኛው ቀን ጉንጬ ላይ ቀዩ ለቀቀና ከስሩ ነጠብጣብ ወጣ፣ ጥቁር፣ በረድፍ የተደረደረ፣ የማሽኑ ጭንቅላት ቅርጽ ቁልጭ ብሎ የታተመ። ስደውልላቸው "ይጠፋል፣ ለሁለተኛው ነይ" አሉኝ። ሁለተኛውንም ሶስተኛውንም አልሄድኩም፣ ብሩም አልተመለሰልኝም። ለ7 ወር ቤተክርስቲያን ስሄድ ነጠላዬን ወደ ፊት እየሳብኩ ነው የቆምኩት።

ያዳኑኝ እነዛው ሐኪም ናቸው። ያኔ ነው ነገሩን በደንብ ያስረዱኝ፣ የሰው ቆዳ በ6 ዓይነት ይከፈላል፣ ፊትዝፓትሪክ የሚባለው አከፋፈል ነው፣ የኛ ሰው አብዛኛው ከ4 እስከ 6 ውስጥ ነው። የኛ ቆዳ ቀለም የሚሰራው ሕዋስ ንቁ ስለሆነ ሲጎዳም ሲቃጠልም መልሱ መጥቆር ነው። ያው የቆዳ ቀለም፣ ሜላኒን የሚባለው ነው ከነጮቹ ዘግይተን እንድንሸበሸብ የሚያደርገን፣ ስጦታ ነው፣ ግን ሙቀት በጉልበት የሚለቅ ሰው እጅ ውስጥ ሲገባ በኛው ላይ ይዞራል። ለኛ የበለጠ የሚያሰጋው ደግሞ የላይኛውን ቆዳ የሚልጠው ሲኦቱ ሌዘርና አይፒኤል የሚባለው ብርሃን ነው፣ አንዱ ላዩን ስለሚልጥ፣ የአይፒኤሉ ብርሃን ደግሞ የቆዳን ቀለም ስለሚፈልግ ነው። ሌዘር የግድ ከሆነ 1064 ናኖሜትር የሆነው ኤንዲያግ ነው ለጥቁር ቆዳ የተሻለው። የኔን ያቃጠለኝ አርኤፍ ግን ከሌዘር አንጻር ለኛ የተሻለ ከሚባሉት ውስጥ ነው፣ ቀለም አይፈልግም፣ መርፌው በትክክለኛ ጥልቀት ከገባና ጉልበቱ ከተመጠነ። ይሄን ስሰማ የበለጠ ነው ያዘንኩት፣ ማሽኑ ሳይሆን እጁ ነው የጎዳኝ ማለት ነው። በ2025 ኦክቶበር ኤፍዲኤ ራሱ ስለዚህ አሰራር ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፣ መቃጠል፣ ጠባሳ፣ የፊት ስብ መጥፋት፣ የነርቭ ጉዳት ሪፖርት ተደርጎለት፣ በሰለጠነ የጤና ባለሙያ እንጂ ቤት ውስጥ እንዳይሰራ ብሎ። የስቡን ነገር በተለይ ልብ በሉት፣ ፊታችሁ ቀጭን ከሆነ ሙቀቱ ጠልቆ ያለችውን ስብ ካቀለጠው ጉንጭ ይሰረጉዳል፣ ከነበረው በላይ ያስረጃል።

ጥቁሩን ያጠፉልኝ በሚቀቡ መድኃኒቶች ነው፣ ማታ ማታ ትሬቲኖይን፣ ጠዋት አዜላይክ አሲድ፣ እና ቀለም ያለው ሰንስክሪን። የሰንስክሪኑን እዚህ ላይ አስምሩበት፣ ነጭ የሚያደርገንን ሳይሆን አይረን ኦክሳይድ ያለበትን ቡኒውን ነው፣ ምክንያቱም የኛን ቆዳ የሚያጠቁረው ዩቪ ብቻ ሳይሆን የሚታየው ብርሃንም ነው፣ ተራው ሰንስክሪን ደግሞ እሱን አይከለክልም። 9 ዓመት መኪና ውስጥ ያለ ምንም ቅባት መንዳቴን ሳስብ ያንገበግበኛል። አዲስ አበባ ያላችሁም አትዘናጉ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናችሁ፣ ብርዱ ጸሐዩን አይቀንሰውም።

ሶስተኛው አልትራሳውንድ ነው፣ አልቴራፒ የሚባለው የዚህ ዓይነት ነው፣ ኤፍዲኤ በ2009 ለቅንድብ ማንሳት፣ በ2012 ለአንገትና ለአገጭ ስር ፈቅዶታል። ይሄን በ2025 ማርች እሳቸው ጋ ነው ያደረግኩት፣ ቀጠሮውን ጠብቄ። ከላይ ቆዳውን ሳይነካ ድምጹን እንደ ማጉያ መነጽር አንድ ነጥብ ላይ ይሰበስበዋል፣ ቆዳ ውስጥ እስከ 4.5 ሚሊሜትር ይወርዳል፣ ፊት በኦፕራሲዮን ሲነሳ ሐኪሞች የሚስቡት ሽፋን ጋ ማለት ነው፣ እዛ ነጥቡን ከ60 ዲግሪ በላይ ያሞቀዋል። የላይኛውን ቆዳ ስለሚያልፈው ጥቁር ነጭ አይለይም፣ እኔ የመረጥኩትም በዚህ ነው። እየሰሩ ስክሪን ላይ የቆዳውን ንጣፍ ያዩታል፣ ያሳዩኝም ነበር፣ "እዚህ አጥንት ቅርብ ነው፣ እዚህ አልነካም" እያሉ።

ህመሙን አልደብቅም፣ መንጋጋ አጥንት ላይ ሲደርስ ጥርስ ውስጥ የሚገባ ትኩስ ነገር ነው፣ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ፈጅቷል፣ ማስታገሻ ሰጥተውኝም እጄን ጨብጬ ነው የጨረስኩት። ማታውኑ ቅላቱ ጠፋ፣ በነጋታው ነዳሁ። ሲነኩት ማመሙ ግን 2 ሳምንት ቆየ። 2,400 ዶላር ነው የታችኛው ፊትና አንገት። የመጀመሪያውን ወር ምንም አላየሁም፣ ተበላሁ ብዬ አልቅሻለሁ። ለውጡ የመጣው በ3ኛው ወር ነው፣ በየወሩ እዛው መስኮት ስር፣ በአንድ ሰዓት፣ ያለ ሜካፕ ፎቶ ስለማነሳ ነው ያወቅኩት። የመንጋጋዬ መስመር ተመልሷል፣ ግራውም። አንገቴ ላይ ግን ትንሽ ነው፣ ፈልጌ ካላየሁት አይታይም። ፊቱ በጣም ለወረደ ሰው ይሄ ኦፕራሲዮንን አይተካም፣ እሳቸውም ሳልከፍል በፊት ነው የነገሩኝ።

ስለዚህ ለቦቶክሱ ከ5 5 እሰጣለሁ፣ ለአልትራሳውንዱ 3 ተኩል፣ ዋጋው ግማሽ ቢሆን 4 ተኩል እለው ነበር። ለመርፌው ያን ሜድስፓ ነው እንጂ አሰራሩን አልኮንንም፣ በአዋቂ እጅ ያደረጉና የተደሰቱ ሁለት ጓደኞች አሉኝ። ሄዳችሁ ከመተኛታችሁ በፊት እነዚህን ብቻ ጠይቁ፣ የሚነካኝ ማነው፣ ሐኪም ነው ወይ፣ እንደኔ ዓይነት ቆዳ ላይ ሰርቶ ያውቃል ወይ፣ የራሱን በሽተኛ በፊትና በኋላ ፎቶ ያሳየኝ፣ ጆሮዬ ስር ትንሽ ቦታ ላይ ሞክሩልኝና ጥቂት ሳምንት ጠብቀን እንይ። ፎቶው ሁሉ የነጭ ፊት ከሆነ ቦርሳችሁን አንስታችሁ ውጡ።

የቀጣዩ ቦቶክስ ቀጠሮዬ በሚመጣው ወር ነው፣ ለአንገቴ ምን ይሻላል የሚለውን ያኔ እጠይቃቸዋለሁ። በ2024 ኦክቶበር ኤፍዲኤ ቦቶክስን ለአንገት ጡንቻ መስመሮች ፈቅዶታል፣ ካደረግኩት ከነፎቶው እጽፍላችኋለሁ።