ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የማጣቀሻ ክፍል ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ለጥናቴ የሚያስፈልገኝን የቆየ ሕግ ፍለጋ ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በሄድኩ ጊዜ ላገዙኝ የማጣቀሻ ክፍል ባለሙያ ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን ለማቅረብና መረጃ የቸገረው ሰው ሁሉ እርሳቸውንና የሙያ አጋሮቻቸውን እንዲያማክር ለመጠቆም ይህን ጽፌአለሁ። ባለሙያዋ የጠየቅሁትን አዋጅ ወዲያው አውጥተው ከመስጠታቸው በፊት ለምን እንደምፈልገው፣ የትኛውን ዘመን እንደሚመለከትና እስካሁን ምን እንዳነበብኩ በትዕግሥት ጠየቁኝ፤ ከመልሴም የሚያስፈልገኝ አዋጁን ለማስፈጸም የወጣው ደንብ መሆኑን ተረዱ። ደንቡ በካታሎጉ ላይ በራሱ ርእስ አልተመዘገበም። ከሌሎች ሰነዶች ጋር በአንድ ጥራዝ ተጠርዞ መቀመጡን ሊያውቁ የቻሉት ስብስቡን ለብዙ ዓመታት በገዛ እጃቸው ሲያደራጁ ስለኖሩ ነው።

ምስጋናዬን ከቅጥር ጉዳይ ጋር ያያያዝኩት ስለዚህ ነው። ውሉ ይታደስ አይታደስ የማያውቅ የአጭር ጊዜ ኮንትራት ሠራተኛ፣ ምንም ያህል ትጉ ቢሆን፣ ይህን የመሰለ እውቀት የሚያካብትበት ጊዜ አያገኝም፤ ሲሰናበትም የጀመረው ሁሉ አብሮት ይሄዳል። ለቅቆ በሄደ ባለሙያ ቦታ ሌላ ሰው ሳይተካ ሲቀር ደግሞ ጉዳቱ ቶሎ ዓይን ውስጥ አይገባም፤ በሩ ክፍት ነው፣ መጻሕፍቱም በመደርደሪያቸው አሉ። ነገር ግን የቀረው ሠራተኛ የተዋሱና የተመለሱ መጻሕፍትን ሲመዘግብ ስለሚውል አዳዲስ መጻሕፍት ሳይመደቡ በካርቶን ይከርማሉ፣ የልጆች የንባብ ሰዓት ይታጠፋል፣ የማጣቀሻ ጠረጴዛውም ባዶውን ይውላል። ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራትና ተቋማት ፌዴሬሽን (ኢፍላ) በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መመሪያ ለ2,500 ነዋሪዎች አንድ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ እንዲመደብና ከድጋፍ ሰጪዎች ውጭ ካሉት ሠራተኞች አንድ ሦስተኛው በሙያው የሠለጠኑ እንዲሆኑ ይመክራል። በእኔ እምነት ቁጥሩ ቢሟላም እንኳ ሰዎቹ በየጊዜው የሚለዋወጡ ከሆነ አንባቢው የሚያገኘው ጥቅም ግማሽ ነው። በጎ ፈቃደኞችም ክቡር ሥራ ይሠራሉ፤ የቋሚ ባለሙያን ቦታ ግን ሊሸፍኑ አይገባም።

ስለዚህ ወደ ማጣቀሻ ክፍል ስትሄዱ የመጽሐፍ ስም ብቻ ይዛችሁ አትቅረቡ፤ የምትሠሩትን ሥራ በዝርዝር አስረዱ። የፈለጋችሁት በዚያ ባይገኝ ከሌላ ቤተ መጻሕፍት በውሰት ሊመጣ ይችል እንደሆነ ጠይቁ። ጥያቄያችሁ መመዝገቡንም አረጋግጡ፤ አስተያየታችሁንም ያገለገላችሁን ክፍል ጠቅሳችሁ በጽሑፍ ለአስተዳደሩ አስገቡ። ለክፍሉ ተጨማሪ ሠራተኛ ወይም ቋሚ የሥራ መደብ ሲጠየቅ ኃላፊዎቹ እንደ ማስረጃ የሚያቀርቡት እንዲህ ያለውን መዝገብ ነው።