ሞተሪኖ እንዳልገዛ ለከለከሉኝ ሰው፤ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ከሦስት ወር በፊት ነው። "መኪናዋ ትለቅና" እያልኩ አዘገየሁት። አሮጌ ቮልስ ደግሞ አለቀች የምትባልበት ቀን የላትም። ስለዚህ እስከዛሬ ያለቀውን ይዤ ልጻፍ።

የማመሰግናቸው ሰው አዛውንት የመኪና ኤሌክትሪሻን ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ጋራዥ የላቸውም፤ ቤት ድረስ እየመጡ ነው የሚሠሩት። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። እሳቸው ደስ ሲላቸው "ልጄ" ይሉኛል፤ ሲናደዱ "አንተ ሰውዬ"። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ አደራ ብለውኛል። "ስልኬ ሲጮህ ዋለ ማለት ሥራ ቆመ ማለት ነው" ይላሉ። ስለዚህ የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1965 ሞዴል ቮልስ ናት። ባለ 1200 ሲሲ ሞተር፣ ባለ 6 ቮልት። ከአጎቴ ነው የደረሰችኝ። ዘጠኝ ዓመት ሸራ ለብሳ ቆማለች። ቤት ውስጥ በትርፍ ሰዓቴ፣ ከደመወዜ በምትተርፈው እየቆጠብኩ ላድሳት አሰብኩ። ሐሳቡ እብደት አይደለም። ቮልስ እስከ እ.ኤ.አ. 2003 ድረስ ሜክሲኮ ውስጥ ስትመረት ነበር፤ በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። መለዋወጫዋ ዛሬም ይገኛል። ሞተሯ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው፤ ራዲያተር የለ፣ የውሃ ቦምባ የለ። አራት ብሎን ፈትቶ ሞተሩን ከኋላ ማውረድ ይቻላል። ለጀማሪ ከዚህ የቀለለ መኪና አላውቅም።

ችግሩ አልነሳም አለች። ባትሪው አዲስ ነው። ቁልፉን ስጠመዝዝ ሞተሩ "እህህ" ብሎ አንድ ዙር ይንፏቀቅና ዝም ይላል። አንድ ጋራዥ ሰው ላከልኝና አሳየሁት። "ሞተሪኖው ሞቷል" አለኝ፤ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን የኤሌክትሪክ ሞተር ማለቱ ነው። ቀጠለና "እንዲያውም 6 ቮልት ዘመኑ አልፎበታል፤ ሙሉውን ወደ 12 ቀይረው" አለ። ሞተሪኖ፣ ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ፣ አምፖሎች በሙሉ፣ የዝናብ መጥረጊያው ሞተር ጭምር። የዕቃውን ዝርዝር ጽፎ ሰጠኝ። ለዓመቱ ከመደብኩት ገንዘብ ግማሹን ይበላል። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጋሼን የጠቆመኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። መጡ። ዝርዝሩን አሳየኋቸው። አላነበቡትም፤ አጥፈው ኪሴ ውስጥ መልሰው ከተቱት።

ከዚያ ቴስተራቸውን አወጡ። አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሪኖው አካል ላይ አደረጉና "አስነሳ" አሉኝ። ቁልፉን ጠመዘዝኩ። "እህህ።" ቴስተሩ 1.4 ቮልት ያነባል።

"ስንት ማንበብ ነበረበት?" አልኳቸው።

"ምንም። ዜሮ ቢጠጋ ነው የሚያምርበት። ከስድስቷ ቮልት ሩብ የሚጠጋው መንገድ ላይ ቀርቷል። ታዲያ ሞተሪኖው ምን ያድርግ፣ በባዶ ሆዱ?"

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ኤሌክትሪክ የሚሄድ እንጂ የሚመለስ አይመስለኝም ነበር። ጋሼ መሬት ላይ በጣታቸው እየሳሉ አስረዱኝ። ሞተሩና ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) የተሰቀሉት በጎማ መቀመጫ ላይ ነው። ጎማ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ሞተሪኖው የሳበው ኃይል ወደ ባትሪው የሚመለስበት ዋና መንገድ ከካምቢዮው ወደ ሻሲው የተዘረጋች አንዲት የተጎነጎነች ጠፍጣፋ ሽቦ ናት። መኪናዋ ሥር ገብቼ አየኋት። ሽቦ መሆኗ አያስታውቅም፤ ጭቃና ዘይት ተለብጣ የደረቀ ሥር መስላለች። ጫፎቿን ፈትቼ በሽቦ ብሩሽ ፈገፈግኩ። ሻሲው ላይ የምትታሰርበትን ቦታ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት።

ሁለተኛው ጥፋት ከባትሪው ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ገመድ ነበር። ያረጀው ሲበጠስ አንዱ የ12 ቮልት መኪና ገመድ ተክቶበታል። የ6 ቮልት መኪና ያንኑ ሥራ ለመሥራት እጥፍ አምፒር ይስባል። ገመዱ ወፍራም ካልሆነ ኃይሉ ገመዱን ማሞቂያ ሆኖ ይቀራል። ወፍራም ገመድ ገዛሁ። በዚያ ቀን የገዛሁት እሱን ብቻ ነው።

እንደገና "አስነሳ" አሉኝ። ሞተሩ ሽክርክር አለ። ነዳጅ ስላልነበረው አልተነሳም እንጂ ሽክርክሩ ሰፈር ይቀሰቅሳል። ጋሼ ዕቃቸውን እየሰበሰቡ "ዝርዝሩን አትጣለው፤ ከኋላው መጻፊያ ይሆንሃል" አሉኝ።

በእርግጥም ጻፍኩበት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲመጡ መኪናዋን ዞረው አዩና አራት ቃል አስጻፉኝ፦ ትቁም። አትቃጠል። ትሂድ። ትዋብ። ገንዘቤ በዚህ ቅደም ተከተል እንጂ በሌላ እንዳይወጣ አስጠነቀቁኝ። እኔ ሆዬ ከሁሉ በፊት የሚያብለጨልጭ ፓራውልት ገዝቼ አልጋ ሥር ደብቄ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም። አሁን ካነበቡት ይቅር ይበሉኝ።

"ትቁም" ያሉት ፍሬኑን ነው። የፊት ቀኙ ጎማ አንዴ ፍሬን ከተያዘ አይለቅም ነበር። እኔ የፍሬን ሸራውንም ሲልንደሩንም ልቀይር ነው። ጋሼ መኪናዋን በክሪክ አስነሱኝ፤ ፍሬን አስረገጡኝና አስለቀቁኝ። ጎማው ተይዞ ቀረ። ከጎማ ከተሠራው የፍሬን ዘይት ቱቦ በላይ ያለውን የብረት ቱቦ ማያያዣ ላላ አደረጉት። ምንም የለም። ቀጥለው እታች ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን ከፈቱ። ፍሬን ዘይቱ ፊጭ አለ፤ ጎማውም ተለቀቀ። "አየህ፣ የታፈነው በሁለቱ መሀል ነው።" መሀል ያለው ደግሞ የጎማ ቱቦው ብቻ ነው። ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው። ከውስጥ ግን አብጦ ተጣብቋል። በእግር ጉልበት ዘይቱ ያልፋል፤ እግር ሲነሳ ተመልሶ መውጣት ያቅተዋል።

እዚህ ላይ ግን ጋሼ ቆጥብ አላሉኝም። አራቱንም ቱቦ በአንዴ ቀይር አሉኝ፤ የፍሬን ዘይቱንም ሙሉ በሙሉ። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ ዘጠኝ ዓመት የቆመው ቡና መስሎ ነው የወጣው። የዚህች ዘመን ቮልስ ፍሬን ደግሞ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው። አንድ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም ጎማ ፍሬን አልባ ይሆናል። የፍሬን ታምቡሩን ስከፍት አቧራውን እፍ ልል አፌን ሳሞጠሙጥ እጄን መቱኝ። የድሮ ፍሬን ሸራ አስቤስቶስ አለበት፤ አቧራው ሳንባ ይጎዳል። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ፣ ጨርቁን በላስቲክ ቋጥሬ ጣልኩ።

"አትቃጠል" ነዳጅ የሚያስተላልፉት የጎማ ቱቦዎች ናቸው። የቮልስ ነዳጅ ታንከር ከፊት፣ ሞተሯ ከኋላ ነው። ነዳጁ መኪናዋን ሙሉ አቋርጦ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ያለችው አጭር ጎማ የምታርፈው ከሞቀው ሞተር በላይ፣ እሳት ከሚረጨው ዲስትሪቢውተር አጠገብ ነው። የእኔዋን ጋሼ ጎንበስ አድርገው አጠፏት። እንደ ደረቀ ዳቦ ተሰነጠቀች። ብዙ ቮልሶች በዚች በአንድ ስንዝር ጎማ ነው የነደዱት። ርካሽ ናት። ዛሬ ይህን የምታነቡ የቮልስ ባለቤቶች ካላችሁ፣ ማንበቡን አቁማችሁ ሄዳችሁ እዩአት።

ወለሉ ሌላ ጉድ ነው። ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። የአሲድ ጠብታው ላሜራውን ለዓመታት ሲበላው ኖሯል። ጋሼ በካቻቢቴ እጀታ ቶክ ቶክ እያደረጉ ወለሉን ሙሉ አዳመጡት። ደህናው ላሜራ ይጮሃል፤ የበሰበሰው ይደነቁራል። በጎን በኩል ማግኔት አስኬዱ። አንድ ቦታ ላይ ማግኔቱ ወደቀ። ስቱኮ ነው፤ ሥሩ ብረት የለም።

"ይሄ የኔ ሥራ አይደለም" አሉኝ ያኔ። የማያውቁትን አልነካኩም። በሳምንቱ አንድ ወጣት በያጅ ይዘው መጡ። እሱንም እዚሁ ላመስግነው። ባትሪው ወጥቶ ካልተቀመጠ፣ ነዳጁም ተቀድቶ ታንከሩ ከአካባቢው ካልራቀ መበየጃውን አልነካም አለ። ከበሩ ሥር ያለው ሳጥን ብረት የመኪናዋ አጥንት ነው። እሱን ዝም ብሎ የቆረጠ ሰው መኪናዋ ትጎብጥና በሩ ዳግመኛ አይዘጋለትም። ልጁ መጀመሪያ የበሩን ክፍተት በብረት ቧንቧ ወጥሮ አሰረ። ከዚያ ቆረጠ። ሲበይድም አንድ ነጥብ እዚህ፣ አንድ ነጥብ እዚያ፣ መሀል ላይ እያረፈ። ተከታትሎ ቢበይደው ላሜራው በሙቀት ይወላገዳል። በየመሀሉ በሩን እየዘጋ ይሞክራል። ቀኑን ሙሉ ሳየው ዋልኩ፤ አልሰለቸኝም።

ለብየዳው የወጣው ከጠቅላላ ወጪዬ ግማሽ ይሆናል። ያነሰውም ወንበሩን፣ ምንጣፉን፣ የድሮውን ሬንጅ ሁሉ ራሴ አውልቄና ፍቄ ስለጠበቅኩት ነው። አንቲረስቱንም የቀባሁት እኔ ነኝ። ለሁለት ሳምንት ያህል ጥፍሬ ሥር ቀይ ሆኖ ቢሮ ገብቻለሁ።

ከሁሉ የማልረሳው ግን የቫልቭ ክፍተት ማስተካከል ያስተማሩኝን ጠዋት ነው። ሞተሩ አድሮ ቀዝቅዟል፤ የዚህች መኪና የቫልቭ ክፍተት የሚለካው በብርዱ ነው። እኔ መኪናዋ ሥር በጀርባዬ ተኝቻለሁ። ጋሼ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል፤ የሚታየኝ ጫማቸው ብቻ ነው። ስሷን መለኪያ ብረት አስገብቼ እስባለሁ። "ጠበቀ?" "ጠበቀ።" "አላላው። አሁንስ?" "ይንሸራተታል።" "ዝም ብሎ ነው የሚንሸራተት?" አልገባኝም። ከኪሳቸው ትንሽ ደብተር አወጡና አንዲት ብጣሽ ወረቀት መሀሉ ከትተው ወደ ሥር አቀበሉኝ። "ደብተሩን ጫን አድርገህ ያዝና ወረቀቷን ሳባት። ይያዝሃል፤ ግን ይለቅሃል። እሱ ነው ልኩ።" ሳብኩ። ከዚያ መለኪያውን ሳብኩ። ገባኝ። ስምንቱንም ብቻዬን ጨረስኩ።

"ከተጠራጠርክ ጥቂት ይላላ" አሉኝ። "የሚንጫጫ ቫልቭ አለሁ እያለህ ነው። ዝም ያለው ነው የሚቃጠለው።"

አሁን ጉድለታቸውን ደግሞ ልናገር። ጥቆማ ነውና መደበቅ የለብኝም። ጋሼ ሰዓት አያከብሩም። ሦስት ሰዓት ካሉ አምስት ነው። ስልክ አያነሱም። ሥራ ላይ ይቆጣሉ፤ ብሎን መሬት ላይ ያስቀመጠ ሰው አለቀለት። አንዴ ደግሞ ቁጠባው አለፈባቸው። የቫልቭ ክዳኑን አሮጌ ማሸጊያ "ገና ይሠራል" ብለው መለሱት። በማግስቱ ዘይት እየተንጠባጠበ ጭሱ ቤቱን ሞላው። ደወልኩ፤ የዚያን ቀን እንኳን አነሱ። ጠዋት ሲመጡ ገና ሰላም ሳይሉኝ አዲስ ማሸጊያ ከኪሳቸው አወጡ። "ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ፤ ቀየሩት፤ ሒሳብ ስጠይቃቸው ኮስተር ብለው አዩኝ። ከነጉድለታቸው የማምናቸው ለዚህ ነው።

ቀለሙ ገና ነው። "ትዋብ" የዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ናት። ፓራውልቱም አልጋ ሥር ነው። መኪናዋ ግን ትቆማለች፣ ትሄዳለች። ሞተሪኖው ያው የድሮው ነው።

ጋሼን የምትፈልጉ ስትጽፉልኝ የመኪናችሁን ዓመተ ምህረት፣ ስንት ቮልት እንደሆነች፣ ምን እንደተነካካ ንገሩኝ። እሳቸው የሚሠሩት የድሮ መኪና ብቻ ነው፤ ኮምፒውተር ያለበትን አይነኩም። ደግሞ እንግዳ ይመጣል ብላችሁ መኪናዋን እንዳታጥቡ። ዘይቱ የፈሰሰበትን ዱካ ማየት ይፈልጋሉ።