ሐይቅ ዳር ወይስ ዓባይ ማዶ? ባሕር ዳር ቤት ለምትፈልጉ

ለሥራ ባሕር ዳር የሚመጣ ሰው ደላላውን መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጣና የሚታይበት ቤት አለ?» ብሎ ነው። እኔም ጠየቅሁ። ደላላው ፈገግ አለና ከጊዮርጊስ ብዙ ሳይርቅ አንድ ፎቅ ቤት ወሰደኝ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ። በረንዳው ላይ ስወጣ ሐይቁ፣ ደንገሉ፣ ከዘጌ የሚመለሱት ጀልባዎች ፊት ለፊት ናቸው። ዋጋ እንኳ አልተከራከርኩም።

በሁለተኛው ሳምንት ነገሩ ገባኝ። ውሃው ቀን ቀን ሦስተኛ ፎቅ አይደርስም። ሮቶ የለም። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቧንቧው ሲያስነጥስ ብድግ ብዬ ጀሪካን እደረድራለሁ። ያመለጠኝ ሌሊት ጠዋቱን ከግቢው ቧንቧ እየቀዳሁ ደረጃውን መውጣት ነው። 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ውሃ ፊቴ ተዘርግቶ፣ እኔ ፊቴን በሀይላንድ እታጠባለሁ!

ቢንቢም አለ። አመሻሽ 12 ሰዓት ሲል መስኮት ካልተዘጋ እንቅልፍ የለም። ከሥራ የምገባው 11 ተኩል ነው። እንግዲህ የከፈልኩበትን ጣና የማየው በቀን ግማሽ ሰዓት ነበር ማለት ነው። ወባ በተለይ ክረምቱ እንደወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይብሳል። ለነገሩ ዓባይ ማዶም አይምርም፤ አጎበር የትም ያስፈልጋል። ልጆች ካሏችሁ ግን ሐይቅ ዳር ሌላም ሐሳብ አለው። ጣና ቢልሃርዚያ አለበት፣ ውሃው ደጃፍ ላይ ሆኖ ልጅን «አትግባ» ማለት ደግሞ ቀላል አይደለም።

ሐይቅ ዳርን እንዲሁ ላማው አልፈልግም። ሚያዝያ ላይ ከተማው ሲግል ከሰዓት በኋላ ከውሃው የሚነሳው ነፋስ በገንዘብ አይገኝም። ባንኩም ካፌውም በእግር ነው።

አሁን የምኖረው ዓባይ ማዶ፣ ግቢ ውስጥ ነው። በዚያው ብር ሁለት ክፍልና የራሴ ቆጣሪ አገኘሁ፤ ሮቶም አለ። ድሮ ሰፈሩ የሚታማው በመሻገሪያው ነበር፤ በጠባቡ አሮጌ ድልድይ ሰልፍ ሥራ ማርፈድ የተለመደ ነበር። ግንቦት 2016 ላይ 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ ድልድይ ሲከፈት ይህ ሐሜት ቀለለ። የቀረው ጭቃው ነው። ክረምት ላይ ባጃጁ ከአስፋልቱ አልፎ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ከገባም «ኮንትራት ነው» ይላል። አከራዬ እማማ ደግሞ 3 ሰዓት ላይ የግቢውን በር ይቆልፋሉ። «ልጄ፣ አታምሽ» ነው ቋንቋቸው። ማምሸት ለሚወድ ይህ ቤት አይሆንም።

እኔን ከጠየቃችሁ፣ ቤተሰብ ያለው ዓባይ ማዶ ይሻለዋል። ለጥቂት ወራት የመጣ ላጤ ግን ሮቶ ያለው ካገኘ ሐይቅ ዳርን ይሞክረው። ቤት ለማየት ጠዋት አትሂዱ። 9 ሰዓት ላይ ሄዳችሁ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ክፈቱ፤ ደላላው ስለ በረንዳው ማውራቱን ይቀጥል። ቀብድ ከዚያ በኋላ ነው። ቆጣሪው የጋራ ከሆነም ሒሳቡ እንዴት እንደሚከፈል ውሉ ላይ አስጽፉ።

እኔ እሁድ እሁድ በባጃጅ ተሻግሬ ሐይቁ ዳር ቡናዬን እጠጣለሁ። ቢንቢው ሳይነሳ እመለሳለሁ።